በቀለም የጻፉትን በቀለም ስለ መፈለግ

(ለትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት በተደረገው ስብሰባ ላይ የመጽሔቱ አዘጋጅ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)

ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ሲሰሙት ትንሽ ነው። «ለእንዲህ ያለ ታላቅ በዓል ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ርእስ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም ይሆናል። ነገሩም፣ በኮምፒዩተር በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ አንድን ነገር በቃሉ ሳይሆን በመልኩ፣ ማለት በቀለሙ፣ በፊደሉ ውፍረት፣ በፊደሉ ዓይነትና መጠን እንዴት መፈለግ እንደሚቻል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ የሚመስለው ዘዴ፣ በሕይወት ያሉ አንድ ሰው ከሙታን ጋራ ተቆጥረው እንዳይታተሙ ስላዳነልን ታሪኩን ሳንነግራችሁ መቅረት አልወደድንም።

ይህ መጽሔት ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የተወሰነው፣ ትምህርት ቤታችን ከተከፈተ ጀምሮ ተምረው የወጡ ሁሉ ስማቸው እንዲገባበት ነው። ስሞቹ የሚገኙት በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጡት ትልልቅ መዝገቦች ነው። ከመዝገቦቹ አንዳንዶቹን ዝናም ነክቷቸዋል፤ የሌሎቹም ጠርዝ ተበልቷል፤ የጸሐፊዎቹም እጅ ልዩ ልዩ ነው። እኛም ለሰባት ተከፋፍለን፣ እያንዳንዳችን የድርሻችንን ዓመታት ይዘን፣ ማታ ማታ በኮምፒዩተር እንገለብጥ ጀመር። የስሙም ብዛት ከ3000 በለጠ።

ሥራው ገና ሲጀመር አንድ ጥያቄ ተነሣ። እርግጠኛ ያልሆንበትን ስም ምን እናድርገው? የአባቱ ስም በደንብ የማይነበብ አለ። «ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» ተብሎ በወሬ ብቻ የተነገረለት አለ። ብንተወው ይረሳል፤ ብንጽፈው እውነት ይመስላል። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ ነበርና፣ «እንደ ብራናው መጽሐፍ በቀይ እንጻፈው» አለ።

አባባሉ ትክክል ነበር። በአገራችን የብራና መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ጥቁርና ቀይ ሁለት ቀለም አዘጋጅቶ ይቀመጣል። ዋናው ንባብ በጥቁር ሲጻፍ፣ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም የክፍሉ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል። ይህ የሚደረገው ስለ ክብር ነው። ሆኖም ከክብሩ ጋራ ሌላ ጥቅም አብሮ ይገኛል። አንባቢው ገጹን በገለጠ ጊዜ ዓይኑ ቀዩን እየተከተለ የሚፈልገውን ቦታ ያገኛል። ይህም ለእኛ ፊደል የተለየ ጥቅም አለው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሕዝቦች የሰውን ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ስሙ ከሩቅ ይታያል። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ተብሎ አይከፈልም። «ተስፋ» የሰው ስም ይሁን ወይም ነገሩ ራሱ ይሁን፣ በጽሕፈቱ አይለይም። እንግዲህ በቀለም ወይም በውፍረት መለየት ለአማርኛ ጸሐፊ ጌጥ ብቻ ሳይሆን መሣሪያም ነው።

ስምምነታችንም እንዲህ ሆነ። የተረጋገጠው በጥቁር፣ ያልተረጋገጠው በቀይ ይጻፍ፤ ቀዩም ተጣርቶ እውነቱ ሲታወቅ ወደ ጥቁር ይመለስ ተባለ። ሁላችንም እሺ አልን።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ጽሑፉ 140 ገጽ ሞላ። በትምህርት ቤቱ የማተሚያ መሣሪያ በወረቀት አውጥተን፣ ለየራሳችን ተካፍለን፣ ሦስት ሌሊት አነበብነው። ቀይ የቀረ ስም የለም ብለንም ፈረምን። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ነገር ዘንግተን ነበር። የትምህርት ቤቱ ማተሚያ ያለው ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ቀይ የነበረው ሁሉ በወረቀቱ ላይ ጠቁሮ ወጥቷል። ሦስት ሌሊት ሙሉ በሌለበት ቦታ ስንፈልግ ኖረናል ማለት ነው።

ይህን ያስተዋለችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅታችን ናት። እርሷም፣ «ወረቀቱን ትታችሁ ኮምፒዩተሩን ራሱን ለምን አትጠይቁትም?» አለችን። እኛም የምናውቀው ፍለጋ በቃል ብቻ ስለ ነበረ፣ «ምን ብለን እንጠይቀው? የምንፈልገውን ስም ብናውቅማ ኖሮ ምን አስጨነቀን?» ብለን መለስንላት።

በእርግጥም በአማርኛ በቃል መፈለግ ምን ያህል ችግር እንዳለበት ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን። በንባብ አንድ ሆነው በመልክ የሚለያዩ ፊደላት አሉን። ሀ፣ ሐና ኀ አሉ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አሉ። ኮምፒዩተር ጆሮ የለውም፤ የሚያየው መልክን ብቻ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። «ሣህለ ሥላሴ»ን ብንወስድ ደግሞ በሣ ወይም በሳ፣ በህ ወይም በሕ ወይም በኅ፣ በሥ ወይም በስ፣ በሴ ወይም በሤ ሲጻፍ 24 ዓይነት ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ ሁለቱን ቃል አጋጥሞ፣ ሌላው አለያይቶ ቢጽፈው 48 ይደርሳል። እኛ ሰባት ሰዎች ነን፤ መዝገቡንም የጻፉት ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። አንዱን አጻጻፍ ይዞ የሚፈልግ ሰው አርባ ሰባቱን ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ «በቃል ፈልጌ አጣሁት» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

እኅታችን ግን የምትለው ፍለጋ ሌላ ነበር። «ስሙን አትጠይቁት፤ ቀዩን ጠይቁት» አለችን። እንዴት እንደሚደረግም በፊታችን አሳየችን። ለሁላችሁም ስለሚጠቅም በዝርዝር እንናገረዋለን።

በማይክሮሶፍት ወርድ የሚጽፍ ሰው ኮንትሮልንና ኤችን አብሮ ሲጫን «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» የሚባል ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ትርጓሜውም ፈልግና ተካ ማለት ነው። በመስኮቱ ታች «ሞር» የሚለውን ሲጫኑት መስኮቱ ይሰፋል፤ በግርጌውም «ፎርማት» የሚል ቁልፍ ይወጣል። በመጀመሪያ የሚፈለገው ቃል በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ ጠቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ «ፎርማት»ን፣ ቀጥሎም «ፎንት»ን ተጭኖ ቀለሙን፣ ወይም ውፍረቱን፣ ወይም መጠኑን፣ ወይም የፊደሉን ዓይነት መምረጥ ነው። የዘዴው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ምንም ቃል አይጻፍም፤ ባዶውን ይተዋል። ኮምፒዩተሩም ትእዛዙን «ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ ቀይ የሆነውን አሳየኝ» ብሎ ይረዳዋል። «ፋይንድ ኔክስት» የሚለውን በተጫኑ ቍጥር ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው ቀይ እየዘለለ ይሄዳል።

በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ራይተርም ይህንኑ ያደርጋል። በዚያው የፍለጋ መስኮት ውስጥ «አዘር ኦፕሽንስ» የሚለውን ሲከፍቱት «አትሪቢውትስ» እና «ፎርማት» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይገኛሉ። በ«ፎርማት» የሚፈልግ ሰው ይህን ቀለም፣ ይህን መጠን ብሎ ለይቶ ያዛል። በ«አትሪቢውትስ» የሚፈልግ ግን በጠቅላላው ከተለመደው የተለየ ቀለም ያለውን ሁሉ አምጣ ብሎ ማዘዝ ይችላል። «ፋይንድ ኦል» የሚለውን ቢጫን ደግሞ የተገኘው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተመርጦ ይታያል። የሁለቱ ቁልፎች ልዩነት በኋላ እንደጠቀመን እንነግራችኋለን።

በዚያች ማታ ቀዩን በጠየቅነው ጊዜ 14 ስሞች ተገኙ። ሦስት ሌሊት አንብበን የለም ብለን የፈረምንበት ሥራ በደቂቃ ውስጥ 14 ጊዜ አሳፈረን። ከ14ቱ አንዱ «በሕይወት የሌሉ» በሚለው ገጽ ላይ ነበር። የጻፈው ጓደኛችን ከጎረቤት በሰማው ወሬ ጽፎት፣ እስኪጣራ ድረስ ብሎ ቀይ አድርጎት ነበር። ስልክ ፈልገን ቤተሰባቸውን ለመጠየቅ ደወልን። ስልኩን ያነሡት ግን እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ከእኛ አንዱ በድንጋጤ፣ «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? እርስዎን… ስለ እርስዎ ለመጠየቅ ነበር» እያለ ሲንተባተብ፣ ነገሩን ተረድተው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ገና ወሬውን አልሰማሁም» አሉት። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ያደምጡናል። እድሜና ጤና ይስጥልን እያልን፣ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

እርሳቸው ቢስቁም እኛ ያን ሌሊት አልሳቅንም። መጽሔት ከታተመ በኋላ የሚመለስ አይደለም። በየቤቱ ገብቶ በየመደርደሪያው ይቀመጣል። የልጅ ልጅ አውጥቶ ያነበዋል። አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ከሙታን ተቆጥሮ ማየት ለእርሱም ለቤተሰቡም ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በዚህ ምክንያት ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ለመመርመር ተስማማን።

እንደገና ስንመረምር ሁለተኛው ጉድለት ተገለጠ። ከሰባታችን አንዷ ቀይ ብላ የመረጠችው ጠቆር ያለውን ቀይ ነበር። ለሰው ዓይን ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ ቀለሞች ቍጥራቸው የተለያየ ስለ ሆነ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ደማቁን ቀይ ስንጠይቅ ጠቆር ያለው አልመጣም። ያን ጊዜ ነው በሊብሬ ኦፊስ ከፍተን በ«አትሪቢውትስ» ከተለመደው የተለየውን ቀለም ሁሉ ያስፈለግነው። ሌላ ሦስት ስም ተገኘ። ሦስቱም የአባታቸው ስም ያልተነበበላቸው ነበሩ። እኛም «ቀይ ይሁን» ብለን ስንስማማ «የትኛው ቀይ?» ብለን አለመጠያየቃችን ጥፋት እንደ ነበረ ገባን።

ሦስተኛው ጉድለት ግን በምንም ዓይነት ፍለጋ ሊገኝ የማይችል ነበር። ከጋሼ ጋራ የሆነውን ስንጨዋወት አንዱ ጓደኛችን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔም አንድ አለብኝ» ብሎ ተነሣ። በእርሱ ድርሻ ውስጥ የአንዲት ተማሪ አባት ስም ውሃ ነክቶት ኖሮ፣ የሚታየው መጀመሪያው ፊደል ተ ብቻ ነበር። ጓደኛችን ሰዓቱ መሽቶበት፣ እንቅልፉም መጥቶበት፣ «ተሰማ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በጥቁር ጻፈው። ነገ ወደ ቀይ እመልሰዋለሁ ብሎ በልቡ ያዘው፤ በማግሥቱም ረሳው። በማግሥቱ ሁለት የክፍል ጓደኞቻቸውን በየራሳቸው ብንጠይቅ ሁለቱም «ተሾመ» አሉን። እንግዲህ እኒህ እናት በመጽሔታችን ላይ የሌላ ሰው ልጅ ሆነው ሊታተሙ ነበር። ጓደኛችን ዝም ቢል ኖሮ ማንም ሰው፣ ምንም ኮምፒዩተር ሊያውቅበት አይችልም ነበር።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ሥራ ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው። ምልክት ውል ነው። ቀይ ቀለም በራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ «ይህ ገና አልተረጋገጠም» የሚለውን ትርጉም የሰጠነው እኛ ነን። ውሉን የጠበቀውን ኮምፒዩተሩ በደቂቃ ያገኘዋል። ውሉን በግማሽ የጠበቀውን በብዙ ድካም ያገኘዋል። ጨርሶ ያልተመለከተውን ግን አያገኘውም። እርሱን ሊያገኝ የሚችለው የጻፈው ሰው ሕሊና ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ ከዚህ ሌላም ጥቅም ስላለው አንድ ምሳሌ እንጨምር። የትምህርት ቤታችን የ25ኛ ዓመት መጽሔት ጽሑፍ በአሮጌ ዲስክ ላይ ተገኝቶ ነበር። ስንከፍተው ግን አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደላትና የልዩ ልዩ ምልክቶች ትርምስ ሆኖ ወጣ። ከዚሁ ጋራ የእንግሊዝኛ ጽሑፎችም ተቀላቅለውበታል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የግዕዙን መልክ በላቲን ፊደላት ቍጥር ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ከኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው የላቲን ምልክት ነው።

ታዲያ እንግሊዝኛውን ከአማርኛው እንዴት እንለየው? በቃል መፈለግ አይቻልም፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለቱም ያው የላቲን ፊደላት ናቸውና። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቃል ላይ የተጻፈበት ፎንት ስም ተመዝግቦ ይኖራል። ስለዚህ የፍለጋውን ሣጥን ባዶ ትተን፣ በፎንቱ ስም አስፈለግን። የአማርኛው ክፍል ሁሉ ተለይቶ ወጣ። ያንን ብቻ ለይተን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም አሳልፈን አነበብነው። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ለተማሪዎቻቸው የጻፉት መልእክት በዚህ ዓይነት ተገኝቶ በዚህ መጽሔት ውስጥ እንደገና ይወጣል። ስሙ ጠፍቶ መልኩ የቀረው ነገር፣ በመልኩ ተፈልጎ ስሙን አገኘ ማለት ነው።

ዘዴው አዲስ አለመሆኑንም ልናሳውቃችሁ እንወዳለን። ዛሬ እንደ ቀልድ የምንገለገልበት ነገር ብዙ ሰዎች የደከሙበት ነው። በአሜሪካን አገር በዩታ ግዛት የተጀመረው ወርድ ፐርፌክት የሚባል የጽሕፈት ፕሮግራም ነበር። በእርሱ የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ሲያወፍር፣ ከቃሉ በፊትና በኋላ የተሸሸገ ምልክት ይቀመጥ ነበር። የተሸሸጉትን ምልክቶች ገልጦ የሚያሳይ ትእዛዝም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በወጣው በ5.1 እትሙ ላይ ኤፍ 2 የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ፍለጋ ከከፈቱ በኋላ፣ ቃል በመጻፍ ፈንታ የማወፈሪያውን ቁልፍ ኤፍ 6ን ቢጫኑ፣ ፕሮግራሙ የውፍረቱን ምልክት ራሱን ይፈልግ ነበር። እንግዲህ ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ሳለ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ኖረናል። መሣሪያ በእጅ መያዝና መሣሪያን ማወቅ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ ይህን ዘዴ ልትሞክሩ የምትወዱ ጓደኞቻችን እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትወድቁ ጥቂት ምክር እንለግሳችኋለን።

አንደኛ፣ በወርድ የመረጣችሁት መልክ ፍለጋው ካለቀ በኋላም በመስኮቱ ውስጥ ይቆያል። በሌላ ጊዜ ተራ ቃል ስትፈልጉ፣ ቃሉ ዓይናችሁ እያየው ኮምፒዩተሩ «አላገኘሁም» ይላችኋል። የሚፈልገው ያንን ቃል በቀይ የተጻፈውን ብቻ ነውና። መድኃኒቱ «ኖ ፎርማቲንግ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የቀድሞውን ትእዛዝ መደምሰስ ነው። ከእኛ አንዱ ይህን ሳያውቅ፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል ብሎ ግማሽ ቀን አጥፍቷል።

ሁለተኛ፣ ቀዩን ባንድ ጊዜ ወደ ጥቁር ለመመለስ የምትፈልጉ እንደ ሆነ፣ በ«ሪፕሌስ ዊዝ» ሣጥን ውስጥ ጠቅ አድርጋችሁ ጥቁሩን ቀለም መምረጥ አለባችሁ። ቃል ሳይጻፍ መልክ ብቻ ከተመረጠ፣ ስሙ እንዳለ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ይለወጣል። ሣጥኑን ቃልም መልክም የሌለበት ባዶ አድርጋችሁ «ሪፕሌስ ኦል»ን ብትጫኑ ግን፣ ቀይ የሆነው ስም ሁሉ ይጠፋል። ይህ የደረሰበት ሰው ደንግጦ ሌላ ነገር ሳይነካ ኮንትሮልንና ዜድን ቢጫን የጠፋው ይመለስለታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥራ ከመጀመር በፊት የጽሑፉን ግልባጭ ለብቻው ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ርእሶቻችሁን በእጃችሁ አወፍራችሁ፣ መጠኑን አሳድጋችሁ ከመጻፍ ይልቅ «ስታይል» በሚባለው ጻፉ። ስታይል ማለት «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ ተራ ንባብ ነው» ብሎ ለክፍሉ ስም መስጠት ነው። በዚህ የተጻፈ እንደ ሆነ ማውጫው በራሱ ይወጣል፤ የሁሉንም ርእስ መልክ መለወጥ ቢያስፈልግ ባንድ ቦታ መለወጥ ይበቃል። አስቀድሞ በእጅ የተወፈረም ቢሆን አይጠፋም። ወፍራም የሆነውንና መጠኑ 16 የሆነውን ፈልግ፣ በ«ሄዲንግ 1» ስታይል ተካ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የመጽሔታችንን 38 ርእሶች ያስተካከልነው በዚህ ዘዴ ነው። ነገር ግን አንዱ ርእስ በ16፣ ሌላው በ15 ተጽፎ ከሆነ፣ እንደ ሁለቱ ቀዮች፣ አንዱ ይቀራል።

አራተኛ፣ ከጓደኛ ጋራ የምትጽፉ እንደ ሆነ፣ ምልክታችሁን በቃል ብቻ አትስማሙ። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ «ያልተረጋገጠ ስም በዚህ ቀይ ይጻፋል» ብላችሁ በዚያው ቀለም ጻፉና አስቀምጡ። ሁሉም ከዚያ ይቅዳ። እኛ ይህን ያደረግነው ከተሳሳትን በኋላ ነው፤ እናንተ በፊት አድርጉት።

ክቡራን እንግዶቻችን፤ ንግግራችንን ለመፈጸም ተቃርበናል። መጽሔቱ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ማተሚያ ቤት ይገባል። ትናንት ማታ ሰባታችንም በአንድነት ተቀምጠን ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ጠየቅነው። ደማቁን ቀይ ጠየቅነው፤ የለም አለን። ከተለመደው የተለየውን ቀለም ሁሉ ጠየቅነው፤ ያም የለም አለን። ከዚያ በኋላ እርስ በርሳችን በየተራ ተጠያየቅን። «በጥቁር ጽፈኸው በልብህ ቀይ የሆነ ስም አለህን?» እየተባባልን ከአንዱ ወደ ሌላው ሄድን። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅልን ፕሮግራም አላገኘንም።

ያም ሆኖ ከ3000 በሚበልጥ ስም ውስጥ ስሕተት አይገኝም ብለን አንኮራም። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ረቂቁ ከመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦላችኋልና፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን፣ የክፍል ጓደኞቻችሁንም ስም እንድትመለከቱ እንለምናችኋለን። አጠገቡ ቀይ እስክርቢቶ አስቀምጠናል። የተሳሳተውን በእርሱ አመልክቱልን፤ እኛ እናገኘዋለን።

መዝገቡን በእጃቸው ጽፈው ላቆዩልን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊዎች፣ ሰርተው ላስተማሩን መምህራን፣ ይህን ዘዴ ላሳየችን ታናሽ እኅታችን፣ ስሕተቱን ሳይደብቅ ለነገረን ጓደኛችን፣ ወሬያቸውን ራሳቸው ላስተባበሉልን ለጋሼም ከልብ የሆነ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዓመት ይኑር።